የማይለቅ አረንጓዴ

ይማም ቀለም ክፍል ሠላሳ ዓመት ሠርቷል፤
ማታ ቤት ሲገባ ጥፍሩ ይናገራል፦
ሰኞ ሰማያዊ፥ ማክሰኞ ወይን ጠጅ፣
ሳሙና እማይፈታው የቀለም ወዳጅ።
«ሁሉም ይለቃል» ይል ነበር፥ «ፀሐይ ያየ ጨርቅ፤
አንድ አረንጓዴ አማረኝ፥ ታጥቦ የማይለቅ።»

ጡረታ የወጣ ለት፥ የእጅ ሰዓት ተሸልሞ፣
ሳር ጭኖ መጣ በባጃጅ፥ ከሆቴል ጓሮ ለምኖ ለቅሞ።

ሰፈራችን በርበሬ ወንዝ፥ ወንዝነቱ ለስሙ ነው፤
ቧንቧችን በአሥራ አንድ ቀን አንዴ ነው የሚያስነጥሰው።
እሱንም ሌሊት ነው፥ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አየር ሲተነፍስ፤
ባልዲ ይዤ እሮጣለሁ ሳይዘጋ ልደርስ።

እኛ በስኒ ስንለካ፥ ሳሩ በባልዲ ይጠጣል፤
ልጅ እንዳይረግጠው ይማም ዱላ ይዞ ይቀመጣል።
ለአረፋ የገዛነው በግ ከአጥሩ ሥር ታስሮ፣
ሲያየው ሲያየው ሰንብቶ፥
ሳይቀምሰው ታረደ በዚያው ጓሮ።

ይማም ጥቅምት ላይ ሲሞት፥ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ
ሳሩን እየዞረ አለፈ። «አደራ ነው» እያሉ
እጄን ጨብጠው ሄዱ።

አደራ ይከብዳል። ጀሪካን ደግሞ ሃያ ሊትር ነው።
ሦስት ዓመት ሁለቱንም ተሸከምኩ።

የጦይባ ልጅ የወለደች ሌሊት በሬ ተንኳኳ፤
«እትዬ ዘሀራ፥ ጨቅላው የሚታጠብበት፥ ግማሽ ባልዲ እንኳ!»
ሮቶውን አዘነበልኩ፤ ዝቃጭ ብቻ ወረደ።
ማታ ነው ያጠጣሁት። ሳሩ በጨረቃ ያብረቀርቃል፣
እርጥብ ነው፥ ጠግቧል፤ ጨቅላው ከአጥር ወዲያ ያለቅሳል።
«የለኝም» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤
እውነትም አልነበረም።

በሬ ሆይ በሬ ሆይ የሚሉት፥ ሳሩን አይቶ ገደል የገባው፣
እኔ ነኝ ለካ። የኔ ገደል ጥልቀቱ ግማሽ ባልዲ ነው።

ሲነጋ ዶማ ተዋስኩ።
ሳር እንዲህ በቀላል አይነቀል፤ «የማይለቅ» ያለው ይማም
በሥሩ ነበር ለካ እውነቱ፥ በቀለሙ ግን አይደለም።
ከሐሙስ እስከ ሰኞ እየነቀልኩ አለቀስኩ፤
ጋሽ ውብሸት በአጥሩ ቀዳዳ «ባሏን ነቀለች» ሲል አዳመጥኩ።

ከዚያ ጠጠር። ሰይድ በጋሪ አመጣ፥ ከቦርከና ዳር፤
እሬት ከሐረጎ ቁልቁለት፥ ክትክታ ከመንገድ ሥር፤
ጦስኝ ከጦሳ ጫፍ፥ በፌስታል ከእነ አፈሩ፤
አሪቲና ጤና አዳም፥
የማይጠጡ፥ የማይሰክሩ።
አክርማ በየጥጉ። እሷም ሳር ናት፤ ግን ክረምት የጠጣችው
በጋውን ያሻግራታል፤ ታጭዳ ሰፌድ ነው መጨረሻዋ፥
ዕዳ አይደለም።

አላጋንንም፤ መጀመሪያ አስቀያሚ ነበር፤ አመድማ፥ ራሰ በራ።
ጓሮው መቃብር መሰለኝ፤ መስኮቱን መክፈት ስፈራ
ሁለት ወር አለፈ።
ሐምሌ ዘነበና ጦስኙ ላይ ንብ መጣ፤
ከየት እንደሰማ እንጃ።
የዕቃ እጣቢ በቦይ ይሄዳል፥ እሬቱ ይቀበለዋል።
ጋሽ ውብሸት ራሱ በዚያው ቀዳዳ እጁን ሰዶ
ለሻይ ጦስኝ ይቀነጥሳል፥ ሳያስፈቅድ።
አየዋለሁ። ዝም እለዋለሁ።
ያ ጨቅላ አሁን ይሄዳል፤ ጠጠሩ ከእግሩ ሥር ቃ፥ ቃ ሲል
ቆም ይልና ድንጋዩን ያዳምጣል።

ሁሉንም ግን አልነቀልኩም።
ይማም ወንበሩን የሚያኖርባት፥ የመስገጃ ያህል ስፋት፣
አንዲት ቁራጭ ቀርታለች፤ ከሮቶው ጠብታ አልቀዳሁላት።
ለሱብሒ ውዱ ሳደርግ፥ ድንጋይ ላይ ቆሜ አጠገቧ፣
ከክርኔ የሚንጠባጠበው፥ እሱ ብቻ ነው ቀለቧ።

አንዳንድ ቀን ወዝ አላት፤ አንዳንድ ቀን ቢጫ ናት።
ለቀቀች ይማም፥ እለዋለሁ።
ሁሉም ይለቃል አላልክም?
ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፥ ቧንቧው ገና አላስነጠሰም፤
ማንቆርቆሪያዬን ከድኜ እገባለሁ።